ያርሳል የተባለለት ሸማኔ

እንደ ኡዘይር አብዱልመናን ለእርሻ ያልተፈጠረ ሰው ሾላ ሜዳ አይታ አታውቅም። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም ነበር። ትልሙን ቀጥ አድርጎ ይጀምራል፣ መሐል ላይ ያጣምመዋል፣ ጫፍ ሲደርስ ጎረቤት ማሳ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። ማረሻው ድንጋይ በነካ ቁጥር እርፉን ይለቅና ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ያየዋል፤ በሬዎቹም ቆመው እሱን ያዩታል። የሰፈሩ ወንዶች መጀመሪያ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር፤ በኋላ ተላመዱትና መሳቁንም ተዉት።

ሸማ ላይ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ከተቆፈረው ጉድጓድ እግሩን ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያስወነጭፍ ያየ ሰው፣ ያ ማሳ ላይ የሚደነባበረው ሰው ይኸው ነው ቢሉት አያምንም። የእሱን ጋቢ ለብሶ አዘዞ ገበያ የወጣ ሰው "የማን እጅ ነው?" ሳይባል አይመለስም። ጥለቱን ደግሞ ልጁ ዐዚዛ ናት ቀለም የምትመርጥለት፤ እሱ ዓይኑ ለቀለም እምብዛም አልነበረም።

ታዲያ ምን አቅብጦት ያርሳል ቢባል፣ በቤቱ ምክንያት ነው። ሾላ ሜዳ ጎንደር አጠገብ ካለችው ከፀዳ ከፍ ብላ ያለች የገጠር ቀበሌ ናት፤ በገጠር ቀበሌ ደግሞ ቤት ለብቻው ቤት አይደለም፣ የእርሻው ተከታይ ነው። መሬቱን ያረሰ ቤቱ ውስጥ ይኖራል፤ ማረሱን የተወ መሬቱንም ቤቱንም ለሚያርስ ይለቃል። መሸጥ የለም፣ ለማያርስ ልጅ ማውረስ የለም። ሰውየው ግድግዳውን በገዛ እጁ መርጎ፣ ቆርቆሮውን በጋቢ ዋጋ ገዝቶ ሊያለብሰው ይችላል፤ ቤቱ ግን የሚያውቀው እርፍ የጨበጠውን ነው። እናም ኡዘይር እርፍ ይጨብጣል፤ አጨባበጡ ምንም ቢሆን።

መሬቱ የመጣው በአባቱ ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ነበሩ። በዚያ ዘመን የእስላም ልጅ ይነግዳል፣ ይሸምናል፣ በሰው ርስት ላይ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል እንጂ መሬቴ የሚለው ነገር የለውም። በስድሳ ሰባት መሬት ለአራሹ ሲባል አባቱ አብዱልመናን የሽመና ዕቃውን በአህያ ጭኖ ሾላ ሜዳ ወጣና እንደ ሰው ተመደበለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት "ገበሬ ነኝ" ነበር መልሱ። የሚበላው ከሸማው ነው፤ ሸማውን ግን እንደ ትርፍ ነገር ነበር የሚያነሣው። ልጁ ኡዘይርም ይህን እየሰማ አደገ። አራሽ የምትለዋ ቃል አባቱ አፍ ውስጥ ስትገባ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ያውቃል።

ኡዘይርን አራሽ አድርገው ያኖሩት ግን አያ ቢያዝን ናቸው። አያ ቢያዝን ከእሱ በዕድሜ ብዙ የሚበልጡ፣ ማርያምን ከልባቸው የሚወዱ፣ ቁጡና ቅን ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው አንድ በሬ፣ ኡዘይርም አንድ በሬ ነበራቸው፤ ሁለቱን አቀናጅተው የሁለቱንም መሬት ያርሳሉ። አርብ ኡዘይር መስጊድ ይሄዳል፣ በማርያም በገብርኤል አያ ቢያዝን ቀንበር አያነሡም፤ ከሁለቱ በዓል የተረፈውን ቀን ተካፍለው ያርሱበታል። እርፉን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት አያ ቢያዝን ናቸው። ኡዘይር ከኋላ ጓል ይሰብራል፣ ይዘራል፣ ያርማል። በምትኩ የአያ ቢያዝን ቤት ከገበያ ልብስ ገዝቶ አያውቅም፤ የልጆቹ የሠርግ ኩታ ሳይቀር የኡዘይር እጅ ነው። ማን ማንን እንደጠቀመ አንሥተው አያውቁም።

በሰማንያ ዘጠኝ መሬት እንደገና ሲደለደል አንድ ካድሬ ስብሰባ መሐል ተነሥቶ፣ "ይህ ሰው ሸማኔ ነው፤ መሬቱ መሬት ለሌለው ይሰጥ" አለ። በዚያ አገር ሸማኔ መባል የሥራ ስም ብቻ አይደለም። መሬት አይገባህም፣ ከሰው አትቆጠርም የሚል ነገር በውስጡ አለበት። ኡዘይር አንገቱን ደፋ። አያ ቢያዝን ግን ተነሡ።

"ማነው ሸማኔ ያለው?" አሉ። "እኔ በሬየን ከበሬው ጋር አቀናጅቼ የማርስ ሰውየ ከሸማኔ ጋር ነው የማርሰው? ያርሳል። ማርያምን ያርሳል።"

ካድሬው ተቀመጠ። ከዚያ በኋላም ሰው ለማጣራት በመጣ ቁጥር፣ መሬቱ በገመድ ሲለካም፣ አያ ቢያዝን ከሁሉ ቀድመው ይቆማሉ፤ ያርሳል ይላሉ፤ ይምላሉ። መሐላቸው እውነት ነው ውሸት ነው ብለው ተጨንቀው የሚያውቁ አይመስሉም። አብረው ማሳ ላይ ይውሉ የለ? ለእሳቸው ይበቃል።

ኡዘይርን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነበር። ሚስቱ ሐዲጃ ሞታለች። ያለችው ልጅ ዐዚዛ ብቻ ናት፤ እሷም በልጅነቷ ታማ ግራ እግሯ ሰልሏል። ባል አላገባችም፣ የሚጠይቃትም አልመጣም። እጇ ግን ወርቅ ነው። ትፈትላለች፣ ድር ታደራለች፣ አባቷ ሲደክመው ሸማው ላይ ተቀምጣ ትጨርስለታለች። ማረስ ግን አትችልም። በጤና እግር እንኳ ሴት እርፍ ይዛ በሬ ስትነዳ ሾላ ሜዳ አይታ አታውቅም። ሕጉ ደግሞ የሚወርስ ወይ አራሽ ይሁን ወይ ልረስ ይበል ይላል። ኡዘይር ዓይኑን የጨፈነ ዕለት ልጁ ውጭ ናት ማለት ነው። ይህን ባሰበ ቁጥር መወርወሪያውን ያቆማል።

በሁለት ሺህ አምስት በጋ ላይ ታዲያ ያልታሰበ ነገር መጣ። ጎንደር ከተማ እየሰፋ ወደ ፀዳ ወርዶ፣ ፀዳም ወደ ሾላ ሜዳ እየተጠጋች ነበር። አንድ የመሬት ባለሙያ በሞተር መጥቶ ሕዝቡን ከሾላው ሥር ሰብስቦ አዲስ መመሪያ ወጥቷል አለ። በእርሻ የማይተዳደር ሰው ከፈለገ ቤቱንና ግቢውን ከእርሻው አስለይቶ ማስመዝገብ ይችላል። እርሻውን ለቀበሌው ይመልሳል፤ ቤቱ የራሱ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አርሰሃል አላረስህም ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ለወደደው ያወርሰዋል። ነገር ግን በእርሻ እንደማይተዳደር ሕዝብ የመረጣቸው ሦስት ጎረቤቶች ምለው በአንድ ቃል ይመስክሩለት። በሐሰት የመሰከረ ይጠየቃል። ዕድሉም ለአንድ ጊዜ ነው፤ ክረምት ሳይገባ ይዘጋል።

ኡዘይር ቤቱ የደረሰው እየሮጠ ነው ማለት ይቻላል። ዐዚዛ እንዝርቷን ይዛ በር ላይ ተቀምጣለች።

"ቤቱ ያንቺ ሊሆን ነው" አላት።

"ማን አለ?"

"መንግሥት አለ።"

"መንግሥት ብዙ ነገር ይላል፣ አባ።"

"ይህን ግን እስከዚህ ድረስ በሞተር መጥቶ ነው ያለው።"

ዐዚዛ ሳቀች። ቀስ ብሎ ነገሩን ሲያስረዳት ግን ሳቋን ተወችው። እንዝርቱን አስቀመጠችና ቤቱን ዞር ብላ አየችው፤ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ እናቷ የሠራችውን መደብ። ከተወለደች ጀምሮ የኖረችበትን ቤት እንደ አዲስ ነገር አየችው። "አንድ ቀን የምለቀው ቤት ሆኖብኝ ነበር የኖርሁት" አለች። "አሁን ልመርገው ነው። ይህ ማዕዘን ከመፍረሱ በፊት ልመርገው ነው።" በማግስቱ ጭቃ አቡክታ ጀመረች።

የቀረው ምስክር ነው። ይህ ለኡዘይር ቀላል ነገር መሰለው። ሸማኔ መሆኑን የማያውቅ ማን አለ? መንደሩ የሚነቃው በመወርወሪያው ድምፅ ነው። አንድ ሰው ብቻ ከነከነው፤ አያ ቢያዝን። ሳይነግራቸው ደግ አይሆንም ብሎ አንድ ቀን ወደ ቤታቸው ወጣ።

አያ ቢያዝንን ግቢያቸው ውስጥ የበሬያቸውን ሰኮና እየጠረጉ አገኛቸው።

"ሸጋ መጣህ፤ ና እስቲ ቀንዱን ያዝልኝ" አሉት።

ያዘላቸው። በሬው ተፈራገጠ።

"አያ ቢያዝን፣ ሰሞኑን ስብሰባ አለ።"

"ስብሰባ የሌለበት ሰሞን መቼ አለ?"

"ስለ ቤቴ ነው።"

አያ ቢያዝን ቀና አሉ። ዓይናቸው ወዲያው ደም መሰለ። "ምነው፣ ደግሞ ሊነኩህ ነው? አይዞህ። እኔ ቆሜ ማንም አይነካህም።"

ኡዘይር ምን ይበላቸው? ሊነኩኝ ሳይሆን ሊለቁኝ ነው፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ ዓመት ያርሳል ብለው እንደማሉልኝ፣ አሁን አያርስም ብለው ይማሉልኝ ይበል? መሬቱን መልሼ ከእርስዎ ጋር ማቀናጀቱን ልተው ነው፤ በስተርጅና አንድ በሬዎትን ይዘው ይቅሩ ይበል? ነገሩን ትቶ ቀንዱን አጥብቆ ያዘ። ስለ በሬው ሰኮና ተነጋገሩ። ስለ ሽምብራው ዋጋ ተነጋገሩ። ሲወጣ፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ እሳቸው ላይመረጡ ይችላሉ፣ ቢመረጡም ነገሩን እዚያው ይሰሙታል ብሎ ራሱን አጽናና። እዚህ ላይ ተሳሳተ። ሰው የሚያውቀውን እውነት ሁሉ ሰው ፊት ይናገረዋል ብሎ አመነ፤ እሱን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ግን አያ ቢያዝን ነበሩ፤ ቀድሞ መንገር የነበረበትም ለእሳቸው ነበር።

የስብሰባው ቀን ሕዝቡ ከሾላው ሥር ተቀመጠ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ የሻው የሚባል የዚያው መንደር ሰው ነበር፤ ክፉ አይደለም፣ ግን ከመመሪያ ጸጉር ታህል ዝንፍ የማይል። መጀመሪያ የተመረጠችው ጎረቤቱ አበቡ ናት። ምላ፣ "ሸማኔ ነው። በእርሻ አይደለም የሚኖረው። ማሳ ላይ ሲውል ያየነው አያ ቢያዝን ስለሚወዱት ነው" አለች። ሕዝቡ ሳቀ። ሁለተኛው የዕድሩ ዳኛ ነው፤ እሱም እንደዚያው ተናገረ። ኡዘይር ሰውነቱ ቀለል ሲለው ተሰማው። ዐዚዛ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ምርጊት የደረቀበትን እጇን ትፈገፍጋለች።

"ሦስተኛ ማን ይሁን?" አለ የሻው።

አንዱ ከኋላ፣ "አያ ቢያዝን ይሁኑ እንጂ፤ በሬ የሚያቀናጁት እሳቸው አይደሉም? ከእሳቸው በላይ ማን ያውቀዋል?" አለ። ሕዝቡ ተስማማ። እውነትም ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም።

አያ ቢያዝን ግን በቦታው አልነበሩም። ለቅሶ ሄደው ነበር። ሰው ተላከባቸውና ከመንገድ አግኝቷቸው ይዟቸው መጣ፤ ተላኪው ደግሞ ለኡዘይር ጉዳይ ይፈለጋሉ ከማለት በቀር የነገራቸው ነገር የለም። እያለከለኩ ደረሱ። ሕዝቡን አዩ፣ ባለሙያውን አዩ፣ ኡዘይርን መሐል ላይ ብቻውን ቆሞ አዩት። ከዚህ በላይ ማየት አላስፈለጋቸውም።

የሻው አስማላቸውና ጠየቀ። "አያ ቢያዝን፣ ኡዘይር በእርሻ ይተዳደራል ወይስ አይተዳደርም?"

"ይተዳደራል" አሉ፤ በዱላቸው ተደግፈው ቀጥ ብለው ቆሙ። "አሁንም እሱን ትጠይቁኛላችሁ? ስንት ጊዜ ልማልላችሁ? ይህ ሰው አራሽ ነው። ክረምት ከበጋ አብሬው አርሻለሁ። ታምሜ የተኛሁ ጊዜ፣ የሥጋ ዘመዶቼ ሳይቀሩ ጥለውኝ ሲሄዱ፣ መሬቴን ጦም ያላሳደረው ማነው? እሱ ነው። ብቻውን አርሶ ዘርቶልኛል። ትልሙ ተጣሞ ነበር፤ ጤፉ ግን በቀለ፤ ልጆቼም በሉት። ማርያምን፣ ሾላ ሜዳ ላይ ከእሱ የሚሻል ጎረቤት የለም፣ ከእሱ የሚሻል ገበሬም የለም። ሸማኔ ነው የሚል ካለ ይነሣና መጀመሪያ እኔን ይበለኝ።"

የሚስቅ ጠፋ። አበቡ፣ "አያ ቢያዝን፣ ነገሩ እኮ…" ብላ ስትነሣ፣ የሻው በእጁ አስቀመጣት። "ቃልሽን ሰጥተሻል" አላት። ወደ ኡዘይር ዞረ።

"ምስክሩ ጥያቄህን አፍርሶታል። የምትቃወመው ካለህ ተናገር። ሐሰት ነው ካልህ እናጣራለን፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ በሕግ ይጠየቃሉ።"

ኡዘይር ቆሞ አያ ቢያዝንን አየ። ሽማግሌው እንደ ጠበቃ ከጎኑ ቆመዋል። ሐሰት ነው ቢል የሚጠየቁት የዛሬውን ብቻ አይደለም። በሰማንያ ዘጠኝ የማሉት አለ፣ ከዚያም ወዲህ የማሉት አለ። አንድ ጊዜ ሐሰተኛ የተባለ ሽማግሌ ከዚያ ወዲያ ማን ያስታርቀኛል ብሎ ይጠራዋል? በደብሩስ በምን ፊቱ ይቆማል? ይህን ሁሉ አሰበ። ሌላም ነገር ነበረ። አራሽ ነው ተብሎ እንዲህ በሰው ፊት፣ እንዲህ ከአንጀት የተመሰከረለት በዕድሜው ሙሉ የዛሬን ያህል የለም። አባቱ ይህን ሳይሰማ ሞቷል። ልቡ ሞቀው፤ በዚያች ሰዓት ልቡ መሞቁ ራሱን አስጠላው። ዐዚዛን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

"የምቃወመው የለኝም" አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አያ ቢያዝን ከጎኑ እየሄዱ በደስታ ያወሩ ነበር። "አየህ አፋቸውን ሳስይዛቸው?"

"አየሁ፣ አያ ቢያዝን። ይስጥልኝ።"

"እኔ ሳለሁ ማንም አይነካህም።"

"አውቃለሁ።"

ዐዚዛ ቀድማ ቤት ደርሳ ነበር። የመረገችው ግድግዳ ገና አልደረቀም፤ ቤቱ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። አባቷ ሲገባ አላየችውም።

"ምነው አልተናገርህም?" አለችው።

"ሽማግሌውን እስር ቤት ላስገባልሽ?"

"እኔስ? እኔን የት አስገባኸኝ?"

ኡዘይር መደቡ ላይ ተቀመጠ። ልጁ እንዲህ ተናግራው አታውቅም። "የፈለጉት ሊጠቅሙኝ ነው" አለ።

"እሳቸው አያውቁም። አንተ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ።"

"ደስ ብሎህ ነበር፣ አባ። ፊትህን አይቼዋለሁ።"

ይህን ሊክድ አልቻለም። እንባው መጣና በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሸፈነ። "ለእሳቸው አትንገሪብኝ" አላት በመጨረሻ። "እኔ እስካለሁ አትንገሪብኝ።" ዐዚዛም አልነገረቻቸውም፤ የመንደሩም ሰው ሽማግሌውን ላለማሳዘን ነገሩን አላነሣባቸውም። ብዙ ሰሞን አባትና ልጅ የሚነጋገሩት ስለ ፈትል ብቻ ነበር። ግድግዳውንም ካቆመችበት አልቀጠለችበትም።

ከዚያ በኋላ የኡዘይር ኑሮ ወደ ታች ሄደ ቢባል ማጋነን አይደለም። አራሽ ነው ተብሎ ሰው ፊት ተመዝግቧልና እንደ አራሽ ይፈለግ ጀመር። ማዳበሪያ ውሰድ ይባላል፣ ይወስዳል። እርከን ሥራ ውጣ ይባላል፣ አካፋ ይዞ ጋራ ለጋራ ይውላል። ከሸማው የሚነሣበት ሰዓት ከሚቀመጥበት በለጠ። አንድ ጋቢ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ወር ይፈጅ ጀመር፤ ደንበኞቹም ለፋብሪካ ልብስ ትተውት ሄዱ። ሳል ያዘው። አያ ቢያዝን ሲያዩት እያዘኑ "አንተ ዛሬ ጓሉን ተወው፣ ጥላው ሥር ተቀመጥ" ይሉታል፤ እሱ ግን አይቀመጥም፤ እየሳለ ከኋላቸው ይከተላል። ምናልባት ዕዳ የሚከፍል መስሎት ይሆናል፤ ለማን እንደሚከፍለው ግን እሱም የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

በሁለት ሺህ ሰባት አዝመራው እንደገባ ሞተ። ከአዘዞ መስጊድ ሰዎች መጥተው ሰገዱበት። አያ ቢያዝን ከራቅ ብለው ቆመው አለቀሱ፤ አፈሩ ሲመለስ ግን ቀርበው አካፋ ያዙ።

ኮሚቴው እስከ አርባው አልቆየም ማለት ግፍ ነው፤ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ዐዚዛን አስጠራት። እሷም አያ ቢያዝንን አስከትላ ሄደች። የሻው አዝኖ ነበር፤ እያዘነ ነው ያነበበላት። አራሽ የነበረው ባለይዞታ ሞቷል፤ ወራሹ አራሽ አይደለችም፣ ልረስም አላለችም፤ ስለዚህ መሬቱ ከነቤቱ ቦታ መሬት ለሌለው አራሽ ይሰጣል። ቤቱን አፍርሳ እንጨቷንና ቆርቆሮዋን መውሰድ ትችላለች።

አያ ቢያዝን ተነሡ። "እኔ አርስላታለሁ" አሉ።

"የሚታረስላት ሳትሆን የምታርስ ናት የምትወርሰው" አለ የሻው።

"እንግዲያስ ቤቷን ተዉላት። የሸማኔ ልጅ ናት፣ እሷም ሸማኔ ናት። ሸማኔ ጎጆ አያስፈልገውም? ቤቱን ከእርሻው ለይቶ የመስጠት ነገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ።"

የሻው ቀና ብሎ አያቸው። "አያ ቢያዝን" አለ፣ "እሱን አይደለም እንዴ ኡዘይር ጠይቆ የነበረው? ቤቴን ከእርሻው ለዩልኝ፣ ለልጄ ላውርሳት ያለን ዕለት፣ አራሽ ነው ብለው ያስቀሩት እኮ እርስዎ ነዎት።"

ሽማግሌው ነገሩ ወዲያው አልገባቸውም። ቀስ እያለ ሲገባቸው ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። ዱላቸውን ፈልገው ያዙና፣ "ዋሽቼ ነው" አሉ። "አራሽ አልነበረም። ማረስ አይችልም ነበር። እርፉን የምይዘው እኔ ነኝ። ጻፍ፤ ሐሰት የመሰከርሁት እኔ ነኝ፤ እሰሩኝና ቤቱን ለልጅቱ ስጡ።"

"በማርያም ነው የማሉት፣ አያ።"

"አሁንም በማርያም ልማል።"

"ስንተኛውን እንመን?" አለ የሻው፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር። "ብናምነዎትም ያ መመሪያ ተዘግቷል። ለአንድ ጊዜ ነበር።"

አያ ቢያዝን ደብተራው ጋ፣ ከዚያም ቄሱ ጋ፣ ከዚያም ጎንደር ድረስ ወርደው ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ዞሩ። የሚሰማቸው አላጡም፤ ሁሉም አስቀምጦ ያዳምጣቸዋል፣ ያዝንላቸዋል፣ ተመልሰው እዚያው ቀበሌያቸው እንዲጠይቁ ይነግራቸዋል። እስር ቤት እንኳ የሚያስገባቸው አላገኙም።

ቤቱ የፈረሰ ዕለት ዐዚዛ አዘዞ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። የሽመና ዕቃው ጋሪ ላይ ተጭኗል፤ የቀን ሠራተኞች ጣሪያው ላይ ሆነው ቆርቆሮ ይነቅላሉ። አያ ቢያዝን ከአጥሩ ውጭ ሲመላለሱ ቆይተው በመጨረሻ ገቡ።

"ያውቅ ነበር?" አሏት።

"ምኑን?"

"እኔ እንዳጠፋሁት።"

"ያውቅ ነበር።"

"ከዚያ ወዲህ አብረን አርሰናል። አብረን ጥሬ ቆርጥመናል። አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም።"

"አትንገሪብኝ ብሎኝ ነበር። እሱ እስካለ ነገርሁዎት?"

"አልነገርሽኝም። ምነው ታዲያ ዛሬ እንኳ አያውቅም ነበር ብትይኝ፣ ልጄ? ምን ቸገረሽ?"

ዐዚዛ ቆርቆሮው ሲወርድ እያየች ነበር። ስትናገር አልተቆጣችም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው የተናገረችው።

"እሱ ዝም ያለው ቤት ስለነበረው ነው፣ አያ ቢያዝን። እኔ በምኔ ዝም ልበል?"

ዐዚዛ ዱላዋን ተደግፋ ወደ ጋሪው ሄደች፤ ባለጋሪው ደግፎ አወጣትና ከዕቃው ላይ አስቀመጣት።